የባሕር ጃርቱና ቀስቱ

«ሩጪ!» አሉ ጋሼ ካርታ። የመሮጥ ነገር የማይሆንላቸው ግን እሳቸው ነበሩ።

ሌንስ አንጋጣ ሰማዩን አየች። ከአናታቸው በላይ ለመድኃኒት የሚሆን ደመና የለም፤ ፀሐይዋ የሸለቆውን ግድግዳ እንደ ምድጃ አግላዋለች። ከላይኛው ጫፍ የሚመጣው ጉምጉምታ ግን እየቀረበ፣ እየወፈረ፣ ከእግራቸው ሥር ያለውን ጠጠር ማንቀጥቀጥ ጀምሯል። ዝናቡ የዘነበው እነሱ በማያዩት ተራራ ላይ ነው። ውኃው ግን መንገዱን ያውቃል፤ መንገዱ ደግሞ አሁን የቆሙበት ነው።

«ጋሼ፣ ወደ ዋሻው! ይያዙኝ!»

የሽማግሌውን ክንድ አንገቷ ላይ ጣለች፤ ወገባቸውን ጨበጠች፤ ቁልቁለት የነበረውን ሽቅብ እየጎተተች፣ እየገፋች፣ በጉልበቷ እየዳኸች ወጣች። ጎርፉ ጥጉን ዞሮ ብቅ ሲል ውኃ አይመስልም፤ ጭቃ፣ ግንድና ቋጥኝ ተቃቅፈው የሚሮጡበት ቡናማ ግድግዳ ነው። የቆመችበትን ድንጋይ ከእግሯ ሥር ነጠቃት። በደረታቸው ተወርውረው ዋሻው አፍ ላይ ወደቁ።

ገና ሳይነሱ አንድ ሦስተኛ ሰው ዘሎ በላያቸው ላይ አረፈ። ቁና ቁና ይተነፍሳል፤ ግንባሩ ላይ ባትሪ ታስሯል።

«ይቅርታ፣ ይቅርታ» አለ፣ የሌንስን እጅ የረገጠውን ጫማውን እያነሳ።

ሌንስ አወቀችው። ብርቅ ድንጋይ እየለቀመ ለሀብታም ሳሎን የሚያቀርበው ነጋዴ ነው። ከከተማ ጀምሮ አቧራቸውን እየበላ ሲከተላቸው የነበረው መኪና የማን እንደሆነ አሁን ገባት። ልትሰድበው አፏን ስትከፍት ተራራው ቀደማት። ጎርፉ የገደሉን እግር ቦርቡሮት ኖሮ ከላያቸው አንዳች ነገር ተሰነጠቀ፤ ናዳውም እያጓራ ወረደ። የዋሻው አፍ መጀመሪያ መስኮት አከለ፤ ከዚያ የቁልፍ ቀዳዳ ሆነ፤ ከዚያ ጠፋ።

ሌንስ ጮኸች።

ይህች ጩኸት በሙዚየሙ ውስጥ የታወቀች ናት። የሌንስ የሥራ ክፍል ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም፤ የመብራቱን ማጥፊያም የሠራው ሰው ምን ነክቶት እንደሆነ አይታወቅም፣ ከበሩ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ተክሎታል። ዘበኛው ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሰው ሁሉ የወጣ እየመሰለው ጠቅ ያደርገዋል። ያኔ ሌንስ ትጮኻለች፤ ዘበኛውም «ይቅር በይኝ እትዬ ሌንስ!» እያለ ይሮጣል፤ ላይኛው ፎቅ ያሉት ደግሞ ሰዓታቸውን ሳያዩ ለምሳ ይነሳሉ። ሌንስ የሚለው ስም የወጣላት አንገቷ ላይ ከምታንጠለጥላት ማጉያ መስታወት ነው። ጨለማ ግን ትፈራለች፤ እንደ ሕፃን ትፈራለች፤ ይህንንም የማያውቅ የለም።

እዚህ ያመጣት ከመሳቢያዎቿ በአንዱ ውስጥ የኖረ ድንጋይ ነው። ጡጫ የሚያህል ደለል አለት፣ ጥንት ባሕር ሳለ ተነጥፎ የደረቀ ጭቃ። በመሃሉ አከርካሪ የሌለው የባሕር ፍጥረት ተቀብሯል፤ ጀርባው ላይ አምስት ቅጠል ያላት አበባ የተፈለፈለች ይመስላል። የባሕር ጃርት መሆኑን ማንም ያውቃል። የትኛው ዓይነት ነው? የኋላ ግማሹ ስለተሰበረ የሚያውቅ የለም፤ መለያ ወረቀቱም «ያልታወቀ» ይላል። በአንድ ጎኑ ለስላሳ ሸክላማ አፈር ተጣብቆበታል፤ ወደዚያው ጎን የሚያመለክት ቀይ ቀስትም ተስሎበታል። በሙዚየሙ ደንብ ድንጋይ ላይ የተሳለ ቀስት ትርጉሙ አንድ ነው፤ ድንጋዩ ከመነቀሉ በፊት ወደ ሰማይ የዞረው ጎኑ ይህ ነው ማለት ነው።

ድንጋዩን በወጣትነታቸው ከዚህ ሸለቆ ያመጡት ጋሼ ካርታ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ካርታ ሲስሉ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ «አባዬ ይቀመጡ፣ አባዬ እንዳይበርድዎ» በምትል ልጃቸው ቤት ታስረው ተቀምጠዋል። ሌንስ «ቦታውን ያሳዩኝ፣ ሙሉ የሆነ ላግኝ» ብላ ስትለምናቸው ተናግራ ሳትጨርስ ባርኔጣቸውን አነሱ። ጉልበታቸውን የጠየቀው አልነበረም።

አሁን ሦስቱም ተቀብረዋል። ናዳውን በመዶሻ ደበደቡት፤ አንዷን ሲነቅሉ ሁለት ቦታዋን ሞሏት። ስልኮቹ ጎርፉን ጠጥተዋል። ውኃ ያለው በሌንስ ኮዳ ውስጥ ብቻ ነው፤ ብርሃን ያለው በነጋዴው ግንባር ላይ ብቻ።

«ከተራራው ጀርባ» አሉ ጋሼ ካርታ፣ ጉልበታቸውን እያሹ፣ «ያ ድንጋይሽ ላይ የተጣበቀው የለስላሳ አፈር ንብርብር ወንፊት ሆኗል። ከማዶው አምባ ሆኜ አይቼዋለሁ፤ አውሬ የቦረቦረው፣ ነፋስ የበላው፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ከውስጥ እሱን ካገኘነው መውጫ አናጣም።»

«ላይ ነው ወይስ ታች?» አለ ነጋዴው።

«ከሩቅ ነው ያየሁት ብዬሃለሁ።»

ሌንስ ግን መልስ ነበራት። ድንጋዩን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ቀስቱን በብርሃኑ አሳየቻቸው። «የዚያ ባሕር ነገር በሌላ ቦታ ሁሉ ይታወቃል፤ ለስላሳው ጭቃ ከጃርቶቹ በኋላ፣ በላያቸው ላይ ነው የተነጠፈው። እዚህም ቀስቱ ወደ ጭቃው ያሳያል። ተራራው አልተገለበጠም ማለት ነው። ወደ ላይ ነው የምንወጣው።»

ነጋዴው ዓይኑን ከድንጋዩ አልነቀለም። «እንግዲያው እንነጋገር እህቴ። ባትሪው የኔ ነው። ድንጋዩን ስጪኝና አብረን እንወጣለን።»

«አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህን በጨው ታጥበህ ነው የመጣኸው?» አሉ ጋሼ።

ሌንስ ጨለማውን አየችው። ከብርሃኑ ጠርዝ ውጭ ቆሞ የሚጠብቃት መሰላት። ድንጋዩን ሰጠችው፤ ነጋዴው ኪሱ ከተተው።

ዋሻው ከወደ ጀርባው እንደ ጭስ ማውጫ ጠቦ ሽቅብ ይወጣል። በጀርባቸው አንዱን ግድግዳ፣ በእግራቸው ሌላውን እየገፉ ተሳቡ። ነጋዴው ከፊት፣ ጋሼ ከመሃል፣ ሌንስ ከኋላ ሆና የሽማግሌውን ጫማ በትከሻዋ ተሸክማለች። ጠጠር ዓይኗ ውስጥ ይገባል። ድንጋዩ ልብሷን ቀዶ ቆዳዋን ይልጣል። አንድ ቦታ ላይ ጋሼ አዳለጣቸውና ሙሉ ክብደታቸው አናቷ ላይ አረፈ፤ ጥርሷን ነክሳ፣ እግሮቿ እየተንቀጠቀጡ፣ መልሳ ገፋቻቸው።

«እኔን! ጎዳሁሽ ልጄ?»

«ምንም አልሆንኩም። ይውጡ ብቻ።»

ወጡ። ላይ ሲደርሱ ሰው ለመቀመጥ የሚበቃ ጎድጓዳ ቦታ አገኙ፤ ከእሱ በላይ ጣሪያው ነው። ነጋዴው በመዶሻ መታው፤ ድንጋዩ እንደ ደወል አቃጨለ። ለስላሳ የሚባል ነገር የለበትም። ግራውን፣ ቀኙን፣ ጥጋጥጉን ዳበሱት፤ ሁሉም ደረቅ፣ ሁሉም ድፍን ነው።

ሌንስ መዳፏን ከጣሪያው አወረደች። እርግጠኛ ነበረች። በእርግጠኝነቷ አንድ ሽማግሌ ጉልበታቸውን ጨርሰዋል፣ ከውኃውም ግማሹ አልቋል።

«አንቺ ነሽ የገደልሽን!» ነጋዴው ጮኸ። ድምፁ በጠባቡ ቦታ ጆሮ ይበሳል። «ቀስት! ቀስት እያልሽ! እኔ ተመልሼ ናዳውን እቆፍራለሁ።»

«ብርሃኑን ይዘህ የት ትሄዳለህ? እኒህ ሰው…»

«የራሳቸው ጉዳይ!»

ኮዳውን ከትከሻዋ ላይ መንጭቆ ቁልቁል ተንሸራተተ። ብርሃኑ በግድግዳው ላይ እየቀጠነ፣ እየደበዘዘ ሄደ። ከዚያ ምንም የለም።

መጮኽ ፈለገች፤ ድምፅዋ አልወጣ አላት። ዓይኗን ከፈተችው ጨፈነችው ልዩነት የለውም። ተራራው በሙሉ ደረቷ ላይ የተቀመጠ መሰላት።

«አለሽ?» አሉ ጋሼ ካርታ ከአጠገቧ፣ በቀስታ።

«አለሁ።»

«በይ ተንፍሺ። እኔም አለሁ።»

ትንሽ ቆይተው ደግመው «አለሽ?» አሉ፤ ደግማ «አለሁ» አለች። እንዲህ እየተባባሉ ትንፋሿ ተመለሰ። ለመቀመጥ ስትደገፍ መዳፏ ግድግዳው ላይ ካለ እብጠት ጋር ተገናኘ፤ ጡጫ የሚያህል፣ ግማሹ ከአለቱ ወጥቶ ግማሹ ውስጥ የቀረ ነገር ነው። ጣቷ እንደ ልማዱ በላዩ ላይ ሄደ። አምስት ቅጠል። አበባዋ!

ሌንሷ አንገቷ ላይ ተንጠልጥላለች፤ በዚህ ጨለማ ግን ከጠጠር አትሻልም። በጣቶቿ ብቻ ቀጠለች። ከፊት በኩል ጎድጎድ ያለ ቦይ አገኘች፤ ልብ በምንስልበት ጊዜ ከላይ ወደ ውስጥ እንደምናጎብጣት። ከሆዱ ሥር አፉን ፈለገችው፤ መሃል ላይ አይደለም፣ ወደ ፊት ተጠግቷል። ወደ ኋላ ዞረች። ያ የሙዚየሙ ድንጋይ የሌለው፣ እሷም አገር አቋርጣ የመጣችለት የኋላ ግማሽ እዚህ አለ። የኋለኛው ቀዳዳ ከጀርባው ላይ ሳይሆን ከዳሌው በኩል ነው።

«ጋሼ! ልበ ቅርጹ ነው!»

«ማን?»

«ጃርቱ! ድቡልቡሎቹ አለት ላይ ተጣብቀው ነው የሚኖሩት። ይኼኛው ጭቃ ውስጥ ቆፍሮ የሚቀበር ነው። ለስላሳው ጭቃ ጎረቤቱ ነው፤ ሩቅ አይደለም፣ እዚሁ ነው!»

«ጎረቤቱ እላይ የለም አይደል እንዴ? አሁን ደበደብነው እኮ።»

የሌንስ እጅ ከጎኑ ወዳለው ሌላ ጃርት ተሻገረ፤ ግድግዳው ሞልቶባቸዋል። ይህኛው ተሰብሮ ሆዱ ተከፍቷል። የታችኛው ግማሽ ሹል ሹል፣ እንደ ስኳር የሚፈገፍግ ክሪስታል ነው። የላይኛው ግማሽ የረጋ፣ ሸካራ ጭቃ። ሦስተኛውን ፈለገች፤ እሱም ክሪስታሉ ከታች ነው። አራተኛውም እንዲሁ።

«ይኼ አይሆንም» አለች ለራሷ። «ጋሼ፣ እንስሳው ሲሞት ቅርፊቱ ባዶ ጣሳ ነው። ጭቃ ይገባበታል፤ ጭቃ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ እንስሳው ቢገለበጥም ባይገለበጥም። ባዶ የቀረው የላይኛው ክፍል ነው በኋላ ክሪስታል የሚሞላው። እዚህ ጭቃው ላይ ሆኖ ክሪስታሉ ታች ነው።»

«እና?»

«እና ተራራው ራሱ ተገልብጧል ማለት ነው። በጀርባው ተኝቷል። ላይ የነበረው ለስላሳ ጭቃ ከእግራችን በታች ነው ያለው። ግን ቀስቱ እንደዚያ አይልም!» አሰበች። እጇ ጃርቱ ላይ እንዳለ ጠየቀቻቸው። «ጋሼ፣ ቀስቱን ሲስሉ ድንጋዩ ገና ግድግዳው ውስጥ ነበር? ወደ ላይ ነው የሳሉት?»

«ምን ወደ ላይ?»

«ቀስቱን፣ ወደ ሰማይ።»

«ሰማይ ምን ያደርግልኛል? ሰሜን ነው እንጂ! ቀስት ምንጊዜም ሰሜን ነው!» ተቆጡ፤ ሙያቸው የተነካባቸው ይመስል። «እዚህ ሸለቆ ውስጥ ነፋስ ነበር፣ ካርታዬን ሊወስደው። መሬት የወደቀ ድንጋይ አንስቼ ወረቀቱ ላይ ጫንኩት። ካርታው ላይ የነበረውን የሰሜን ቀስት ስለሸፈነብኝ ድንጋዩ ላይ ደገምኩት። ከዚያ ሙዚየም ያላችሁት አበባ አለበት ብላችሁ ወሰዳችሁት። የጠየቀኝ የለም።»

ሌንስ ሳቀች። ሳቋ ከየት እንደመጣ አታውቅም፤ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ሳቀች። ሙዚየሙ በሙሉ ስንት ዘመን የተማረበት ቀስት የወረቀት መጫኛ ነው!

«ለመሆኑ ምን ያስቅሻል?»

«ይነሱ ጋሼ። ወደ ታች ነው የምንሄደው።»

በጨለማው ወረዱ። ጋሼ ካርታ መንገዱን በትከሻቸው አስታወሱት፤ «ስንወጣ በቀኜ የታከከኝ ጉብታ አሁንም በቀኜ መሆን አለበት፤ አዎ ይኸው» ይላሉ። ሌንስ ከሥራቸው ሆና እግራቸውን ከድንጋይ ድንጋይ ታሳርፋለች። ሁለቴ አዳለጣት፤ ጥፍሯ ተነቀለ። «አለሽ?» «አለሁ።» መሃል ላይ ሳሉ ከታች የሚያስፈራ ጩኸት ተሰማ።

«ነብር! ነብር በላኝ! ኧረ የሰው ያለህ!»

የሌንስ እግር ቀጥ አለ። ከታች ነብር ካለ ወደ ላይ መመለስ ነው፤ ላይ ደግሞ ሞት ነው፣ ቀስ ብሎ የሚመጣ ሞት። በዚያ ላይ የሚጮኸው የተዋት ሰው ነው። መዶሻዋን ከወገቧ መዘዘች። «ብቻውን ሲጮኽማ አንተወውም» አለችና ወረደች።

ነጋዴው በዋሻው ጥግ፣ ሲገቡ ቁልቁል ስለሚሄድ የናቁት ዝቅ ያለ ቀዳዳ አጠገብ ተንጋሏል። ባትሪው ከግንባሩ ወርዶ መሬቱን ያበራል። ከወደ ቀዳዳው የሚንኳኳ፣ የሚንቀጫቀጭ ድምፅ እየራቀ ሄደ። ባቱ ላይ ጥቁርና ነጭ የሆኑ ረጃጅም እሾሆች ተሰክተዋል።

ጋሼ ካርታ ጎንበስ ብለው አንዱን ነካ አደረጉት። «ነብር እሾህ ሲያበቅል ዛሬ ገና አየሁ።»

«ጃርት ነው» አለች ሌንስ። «የየብሱ ጃርት። ጋሼ፣ ጃርት አለት አይቆፍርም!»

እጇን ቀዳዳው ውስጥ ሰደደች። ጣቶቿ በለስላሳ ሸክላማ አፈር ውስጥ ሰመጡ።

መጀመሪያ ግን ተንበርክካ እሾሆቹን አንድ በአንድ መዘዘችለት። ነጋዴው ጮኸ፣ ረገመ፣ በመጨረሻ ዝም ብሎ አለቀሰ። ሻርፗን ቀዳ እግሩን አሰረችለት። ኮዳውን ሳትጠይቀው መለሰላት፤ ቀና ብሎ ግን ሊያያት አልቻለም።

ሌንስ መሮዋን ይዛ ከፊት ገባች። ጉድጓዱ ለጃርት የተቆፈረ ነው፤ ለሰው ልክ አይደለም። ትቆፍራለች፣ አፈሩን በሆዷ ሥር ወደ ኋላ ትገፋለች፣ ጋሼ ለነጋዴው ያሳልፋሉ፣ እሱ ዋሻው ውስጥ ይበትነዋል። አየሩ የአውሬ ሽንት ይሸታል። የባትሪው ብርሃን ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ቀይ፤ ከዚያ ሞተ። አንድ ቦታ ላይ ጣሪያው ተደርምሶ ጀርባዋ ላይ ወረደ። ወደ ፊት አልሄድ አላት፤ ወደ ኋላም አልሄድ አላት። አፏን አፈር ሞላው። እዚህ ነው የምሞተው አለች በልቧ፤ እዚህ፣ በዚህ ጭቃ ውስጥ፣ እንደዚያ ጃርት ተቀብሬ።

«አለሽ?» ድምፁ ከእግሯ በኩል ታፍኖ መጣ።

ልትመልስ አልቻለችም።

«ልጄ! አለሽ?»

ሁለት እጆች ቁርጭምጭሚቷን ያዙ። የሽማግሌ እጆች አይደሉም፤ ነጋዴው በጋሼ ጎን ተጨምቆ ደርሶባታል። «ትንፋሽሽን አውጪው! ደረትሽን ባዶ አድርጊው፤ እኔ እገፋሻለሁ!»

ያላትን ትንፋሽ ሁሉ አወጣች። ገፋት። አፈሩ ተንሸራተተ፤ ደረቷ አለፈ፤ ፊቷም ቀዝቃዛ ነገር ውስጥ ገባ። ነፋስ ነበር።

«አለሁ!» ብላ ጮኸች። «ኧረ አለሁ!»

ከተራራው ጀርባ ወጡ፤ አንድ በአንድ፣ ጭቃ ተቀብተው። ፀሐይዋ ልትጠልቅ አጎንብሳለች። ከሥራቸው ሰፊ ሜዳ ተዘርግቷል፣ በመሃሉ የመኪና መንገድ ያልፋል። ጋሼ ካርታ ከደረታቸው የራሰ ካርታቸውን አውጥተው መሬት ላይ ሲዘረጉት ነፋሱ ጫፉን አነሳው። ልማድ ሆነና እጃቸውን ዘርግተው ድንጋይ ፈለጉ።

ነጋዴው ኪሱ ገባ። ቀስት ያለበትን ድንጋይ አውጥቶ ለሽማግሌው ሳይሆን ለሌንስ ሰጣት። «ያንቺ ነው» አለ።

ሌንስ ተቀብላ ወረቀቱ ላይ ልታስቀምጠው ስትል ጋሼ እጇን ያዙ።

«ቆይ፣ ቆይ። ቀስቱን ወዴት ነው የምታዞሪው?»

«ወዴት ላድርገው ጋሼ?»

አሰቡበት፤ እንደ ትልቅ ጉዳይ አሰቡበት። «ወደ ወጣንበት» አሉ። ድንጋዩን ወስደው በራሱ ገልብጠው አቆሙት፤ ለስላሳው ጭቃ ከታች፣ ቀስቱ ወደ ምድር። «ዛሬ ሰሜን ይህ ነው።»

ሌንስ ወደ ምድር ቤቷ ተመለሰች። ከመሳቢያው «ያልታወቀ» የሚለውን ወረቀት አወጣችና በሌላ ተካችው፤ «ልበ ቅርጽ የባሕር ጃርት፣ ጭቃ ውስጥ የሚቀበር። ቀስቱ የካርታ ሰሜን ነው፤ አትመኑት» ይላል። እሷም ከዚያ ወዲህ ማንም የሳለውን ቀስት የሳለውን ሰው ሳትጠይቅ አታምንም።

አንድ ቀን አዲስ ድንጋይ በእጇ ይዛ፣ አፉን ልታገኝ ሆዱን እየዳበሰች ሳለች ምሳ ሰዓት ሆነ። ኮሪደሩ ላይ ማጥፊያው ጠቅ አለ። ክፍሉ ጨለመ።

ላይኛው ፎቅ ያሉት ጩኸቱን ጠበቁ። ዘበኛውም እጁ ማጥፊያው ላይ እንዳለ ጠበቀ። ጩኸት የለም። ጥቂት ቆሞ አዳመጠ፤ አሁንም ምንም የለም። ያኔ እሱ ራሱ ፈራ፤ በሩን በርግዶ ወደ ጨለማው ጮኸ።

«እትዬ ሌንስ! እትዬ፣ አሉ?»

ከጨለማው መሃል፣ ጣቶቿን ከድንጋዩ ሳታነሳ፣ ሌንስ ፈገግ አለች።

«አለሁ» አለችው።